የቀዩ ቀሚስ እጅጌ

«አሽትቼዋለሁ አያቴ። ምንም አይሸትም። ግን አልጠጣሁትም።»

ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ በአባቷ አሮጌ ስልክ ነበር የምታወራው። ድምጿን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ግን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ምን ምስጢር ይይዛል። ለሥራ ልትወጣ የነበረችው የአባቷ ሚስት አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላኛውን ጫማ በእጇ እንዳንጠለጠለች ኮሪደሩ ላይ ተገትራ ቀረች። አያትየዋ ከወዲያ የሚሉት አይሰማም። የሚሰማው የልጅቷ ብቻ ነው፤ «እሺ… አዎ፣ ዳቦ አለኝ፣ ፍራሼ ሥር ደብቄዋለሁ… እሺ አያቴ፣ ብርጭቆዬንም ራሴ ነኝ የማጥበው…»። ከዚያ የቧንቧ ውኃ ተከፈተ፤ ሰው ለመታጠብ እንደገባ እንዲመስል ብቻ የሚከፈት ዓይነት ውኃ። ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዞ በላዩ ስስ ቆዳ ሠርቷል። ወተት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ጎህ ሲቀድ ተሰልፋ ያመጣችው ነው። መድፋት አልሆንልሽ አላት፤ እንደ መድኃኒት ዓይኗን ጨፍና፣ ቆማ ጨለጠችው።

መርፌ ነው የሚሏት። ስሟ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች፣ ደግሞም ቀጭንና ዝምተኛ ሆና በሰው መሀል ድምፅ ሳታሰማ ሾልካ ስለምታልፍ የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። ቤት ውስጥ ይህም ስም የላትም። ልጅቷ እናቷ በሞተች በሦስተኛ ዓመቱ፣ ሰባት ዓመቷ ላይ ሳለች ነው መርፌ የመጣችባት፤ አሁን ዘጠኝ ሆኗታል፤ እስከ ዛሬ «እማዬ»ም «እትዬ»ም ብላት አታውቅም። ሲቸግራት ቀሚሷን ሳብ ታደርጋለች፤ ካልሆነም «እ…» ብላ ትጀምራለች። መርፌ በዚህ አልተከፋችም። ስም በግድ አይመጣም ብላ ትታዋለች። የመጀመሪያው ዓመት እንዲያውም ደህና ነበር። ልጅቷ ፀጉሯን ታሠራት ነበር፤ የቤት ሥራዋን አጠገቧ ተቀምጣ ትሠራ ነበር፤ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷት መርፌ ላለመቀስቀስ ስትል ሁለት ፌርማታ አልፋ ወርዳለች። ከዚያ ድራማው መጣ።

አርብ አርብ ማታ የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ ነው። ልጅቷ አርብን የምታድረው አያቷ ዘንድ ስለሆነ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ነው የሚያዩት። በድራማው ውስጥ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ ጥፍሯ የረዘመ፣ ብቻዋን ስትሆን መስታወት ፊት ቆማ የምትስቅ እንጀራ እናት አለች። የባሏን ልጅ ወተት ውስጥ ጠብታ እየጨመረች ቀስ በቀስ ልትገድላት ነው። ከተማው ሁሉ ስለሷ ያወራል፤ ታክሲ ውስጥ ይረግሟታል፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ይሰድቧታል። ያንን ቀይ ቀሚስ የሰፋችው መርፌ ናት። የምትሠራው እዚያው ድራማው ውስጥ ነው፤ ልጅቷም ይህን ታውቃለች። በጀመረ ሰሞን «ያቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» ብላ ጠይቃት ነበር። መርፌ ደስ ብሏት «አዎ፣ በጣም ደግ ሴት ናት፤ ጓደኛዬ ናት» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀችና ሁለተኛ አልጠየቀችም።

መርፌ ያልሞከረችው የለም። አንድ ጠዋት ግማሹን ወተት ልጅቷ ፊት ጠጥታ «ይኸው» ብላ ሰጠቻት። ልጅቷ ብርጭቆውን አየች፣ እሷን አየች፣ አልነካችውም። በዘጠነኛው ክፍል ላይ ያቺ ሴትዮ ማርከሻውን አስቀድማ ወስዳ እንደዚሁ ልጅቷ ፊት መጠጣቷ መርፌን ትዝ ያላት በኋላ ነው። ደግ ስትሆን፣ ያቺም ባሏ ፊት ደግ ናት። ዝም ስትል፣ ያቺም ክፉ ልትሠራ ስትል ዝም ትላለች። አንድ ቀን ብሶባት ስታለቅስ ልጅቷ ዓይን ዓይኗን ስታያት ቆየችና ወደ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ያቺም ታለቅሳለች፤ የዓይን ጠብታ አድርጋ። ለባሏ ነግራዋለች። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ይወጣል፣ ሲመለስ ከወገቡ በላይ ያለው ሁሉ ደክሞት ነው። «ልጅ ናት፤ ይለቃታል» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌላ ጊዜ ስትነግረው ደግሞ «አያቷን አታስቀይሚብኝ» ብቻ አለ።

የዚያን ቀን ጠዋት ስለሰማችው ነገር ምንም ሳትል ልጅቷን ትምህርት ቤት በር ድረስ አደረሰቻት። መንገዱን ሙሉ ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር የምትሄደው።

ድራማው የሚቀረጸው በአንድ የኪራይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑ የሀብታሙ ሳሎን ነው፤ ጋራዡ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ፎቅ ላይ ያለው አልጋ በአበባ አንሶላ የባለጠጋው መኝታ ሲሆን፣ ነጭ አንሶላ ሲለብስ ሆስፒታል ይሆናል። መርፌ የምትሠራበት ክፍል ከጓሮ ያለው የድሮ ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ግድግዳው ላብ ያወጣል፣ መስኮቱ አይዘጋም። በብረቱ ላይ የተሰቀሉት ልብሶች ታሪኩን ራሳቸው ይናገራሉ። በሕልም ብቻ የምትመጣው የሟች እናት ነጭ ቀሚስ አለ፤ እሷ ስትመጣ ሁልጊዜ ንፋስ ይነፍሳል። የደጉ መንታ ሹራብና የክፉው መንታ ጥቁር የቆዳ ጃኬት አለ። የመርሳት አደጋ ለደረሰበት ሰው የሚሆን ፋሻ አለ፤ መርፌ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሰዎች ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሁሉን ነገር ሲረሱ፣ ሦስቱም ድጋሚ ተመትተው ሁሉን ሲያስታውሱ አይታለች። ፋሻውን እያጠበች መልሳ ትሰቅለዋለች።

«ዛሬ ስንት ይሰበራል?» አለችው የዕቃ ኃላፊውን፣ በበሩ ካርቶን ተሸክሞ ሲያልፍ። ብርጭቆ ይሉታል። በዚህ ድራማ ውስጥ መርዶ የሚሰማ ሰው ሁሉ በእጁ ብርጭቆ ይዞ መልቀቅ ስላለበት ርካሽ ብርጭቆ በደርዘን የሚገዛው እሱ ነው።

«አራት» አለ። «ይሄ ሕዝብ እጁ ባዶ ሆኖ መርዶ መስማት አይችልም እንዴ? ወንበር ይዞ ተቀምጦ ቢሰማ ምን ነበረበት!»

ክፉዋን የምትጫወተው ተዋናይ ጉልበቷን እያሻሸች ገባች። ወፍራም፣ ሰው ወዳድ፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። ትናንት ገበያ ወጥታ ቲማቲም ሻጯ «ላንቺ አልሸጥም» ብላ እንደመለሰቻት እየሳቀች አወራች። ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። «ታናሽ እህቴን ልኬ አስገዛሁ» አለች፤ ከዚያም ጥፍሯን እንድትለጥፍላት ሁለት እጇን ለመርፌ ዘረጋች። ጥፍር የሌላት ክፉ ሴት አትታመንም ያለው ደራሲው ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ መርፌ ኩሽና ገባች። ደራሲው እዚያ ነው የሚውለው፤ ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲ ሆኖ፣ ኮምፒውተሩን ምድጃው ጎን አስቀምጦ ለነገ የሚቀረጸውን ዛሬ፣ አንዳንዴም ከሰዓት የሚቀረጸውን ጠዋት ይጽፋል። ሃምሳ የተጠጋ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የቀላ፣ ለሠራተኛ ሁሉ ሰላምታ የማይነፍግ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ቁልፍ ተበጠሰብኝ እንዴ?» አለ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

«አይደለም። ስለ እንጀራ እናቷ ነው። አንድ ትዕይንት ብቻ ደግ ቢያደርጓት። የእውነት ደግ። የልጅቷን ፀጉር ታበጥርላት።»

«እሺ፣ ታበጥርላት። ከዚያ ምን ይፈጠራል?»

«ምንም አይፈጠርም። ፀጉሯ ይበጠራል።»

ደራሲው ሳቀ፤ የፌዝ ሳቅ ግን አልነበረም። ኮምፒውተሩን ገፋ አደረገው። «መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲያ ነበር ብልሽ ታምኛለሽ?» አላት። «ክፉ አልነበረችም። የደከማት፣ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ያላወቀች ሴት ነበረች። ፕሮዲዩሰሩ አንብቦ ሲጨርስ ‹መርዙ የት ጋ ነው?› አለኝ። መርዙን ጨመርኩ። የሚያየው ሰው እጥፍ ሆነ። አሁን እኔም ላወጣው ብል አይወጣም።» አገጩን እጁ ላይ አስደግፎ «ለምን ጠየቅሽኝ ግን? ምን ሆነሻል?» አላት።

ምን ሆነሻል ብሎ የጠየቃት ሰው ከተገኘ ስንት ጊዜው! መርፌ ቆማ ጀመረችና ሳታውቀው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጅቷ ብርጭቆውን እንዴት አስጠግታ እንደምታሸት፣ ፍራሽ ሥር ስለሚደበቀው ዳቦ፣ ብርጭቆዋን ራሷ ሁለት ጊዜ ስለምታጥበው፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ስልክና ስለተከፈተው ውኃ፣ ሁሉን ነገረችው። አንድም ጊዜ አላቋረጣትም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስትጨርስ እጇን በሁለት እጁ ያዘና «እግዜር ይስጥሽ ስለነገርሽኝ» አለ። ከኩሽናው ስትወጣ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ የተነሳላት ያህል ቀለላት። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን ጨርሳ በላች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲስ የተጻፉ ገጾች መጡ። ዳይሬክተሩ ሳሎኑ መሀል ቆሞ ለሁሉም ጮክ ብሎ አነበበው። ልጅቷ ብርጭቆውን ታነሳለች። ታሸተዋለች። ምንም አይሸትም፤ ግን አትጠጣም። ብርጭቆዋን ሁለት ጊዜ ታጥባለች። ከፍራሹ ሥር የደረቀ ዳቦ አውጥታ ትገምጣለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃ ከፍታ፣ ለአያቷ ትደውላለች። እንጀራ እናቷ ከበሩ ጀርባ፣ አንድ ጫማ በእጇ ይዛ ትሰማለች፤ ትስቃለችም። ከዚያ ብልቃጧን ከእጅጌዋ ታወጣለች።

«ይሄ ነው!» አለ ዳይሬክተሩ ገጾቹን ጭኑ ላይ እየመታ። «ከጀመርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚያደርገውን ነገር ጻፍክልኝ! ዳቦው! ውኃው! ሰው አርብ ማታ እንቅልፍ አይወስደውም።» ካሜራ ያዡ አፏጨ። ብርጭቆ እንኳ «ዛሬ የሚሰበር የለም ማለት ነው?» ብሎ ደስ አለው። ዳይሬክተሩ ዞር ዞር ብሎ ፈለጋትና «መርፌ፣ በቀዩ ቀሚስ እጅጌ ውስጥ ትንሽ ኪስ እፈልጋለሁ። ብልቃጧ ገብታ የማትታይ። በሃያ ደቂቃ» አላት።

ደራሲውን ደረጃው ላይ ደረሰችበት። «ጋሼ» አለችው። «ይሄ እኮ የኔ ቤት ነው።»

«ስም አልጠቀስኩም። ማን ያውቃል?»

«ልጅቷ ታውቃለች። ከነገ ወዲያ አርብ ተቀምጣ ታየዋለች።»

ደራሲው ወደ ካልሲው አየ። አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። «ስትነግሪኝ አንጀቴን በላሽው» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጬ ብውል አላገኘውም። ልተወው ብል አልተወኝም። ደግሞ አሁን ወደውታል፤ ሰምተሻል አይደል? ካሁን በኋላ የኔ አይደለም።» ሊያጽናናት ትከሻዋን ነካ አደረጋትና ወደ ታች ወረደ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ ቀዩን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። እምቢ ልትል ትችል ነበር። ብትል ኪሱን ሌላ ሰው ይሰፋዋል፤ ሌላ ሰው ባይገኝ በመርፌ ቁልፍ ያያይዙታል፤ አርብ ግን አርብ ነው። ይህን እያሰበች ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ልቧን አልጠበቀም። ከእጅጌው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ቁራጭ ሳቲን ኪሱን ቆረጠች፤ ጠርዙን አጠፈች፤ ብልቃጧ ብትገባ እንዳይቋጠር ስፌቱን ጥቃቅን አደረገችው። ጥሩ ኪስ ሆነ። ከተሰፋ በኋላ የት እንዳለ ራሷም በጣቷ ካልዳሰሰች አላገኘችውም።

ተዋናይዋን ስታለብሳት ነገሩን ነገረቻት። ተዋናይዋ አንድ እጇን እጅጌው ውስጥ አስገብታ በመስታወቱ ውስጥ ስታያት ቆየች። «ውይ እናቴ» አለች። «ውይ እኔን። አይዞሽ። እኔ አውቃለሁ የማደርገውን። የጻፉትን ቃል መለወጥ አልችልም፤ ፊቴ ግን የኔ ነው።»

እንዳለችውም አደረገች። መርፌ ከካሜራው ጀርባ፣ በገመዶቹ መሀል ቆማ አየቻት። ተዋናይዋ አልሳቀችም። ትንሿን ተዋናይ አልጋው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችና ግንባሯ ላይ የወደቀውን ፀጉር በዚያ በረጅም ጥፍር፣ እንዳይቧጭራት እየተጠነቀቀች፣ ወደ ኋላ መለሰችላት። እናት እንደሚያደርገው ነው። ብርጭቆውን ስታቀብላት ዓይኗ ውስጥ ያለው ልመና ነበር፤ እባክሽ ጠጪልኝ የሚል። መርፌ ራሷን ያየች መሰላት። ብርጭቆ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

«በቃ!» አለ ዳይሬክተሩ። እጆቹን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ወደ ተዋናይዋ ሮጠ። «አንቺ ሴት! ክፋቱን እንዲህ ደብቀሽው አታውቂም! ከሳቁ መቶ እጥፍ ያስፈራል! ሰው ከንግዲህ ደግ ሴት ባየ ቁጥር ይደነግጣል።» ሁሉም አጨበጨበ። ተዋናይዋ ከሕዝቡ ጭንቅላት በላይ መርፌን ፈለገቻት፤ ከንፈሯ «ይቅርታ» የሚል ቃል ሠራ። መርፌ አንገቷን ነቀነቀችላት።

ቤቷ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ አያትየዋ መጥተው ነበር። በአዘቦት ቀን መጥተው አያውቁም። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ባሏ የሹፌር ሸሚዙን እንደለበሰ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የልጅቷ ሹራቦች ተጣጥፈው ተደርድረዋል፤ የትምህርት ቤት ጫማዋ በፌስታል ታስሯል። መርፌ ሰላም አለቻቸው፤ እሳቸውም መልካም አድርገው መለሱላት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ጎረቤት ሰው ምስማር ይመታል። ያ ድምፅ እስኪያልቅ ሦስቱም እንደ ሥራ ጠበቁት።

«ክፉ ነሽ አላልኩም» አሉ አያትየዋ በመጨረሻ። «ክፉ ብትሆኚ እሱ ራሱ ያውቅ ነበር። ግን ልጅቷ ከሳች። አስተማሪዋም ደውላልኝ ነበር። ለጊዜው እኔ ጋ ትሁንና ትብላ። ምን አለበት?»

ልጅቷ እውነትም ከስታለች፤ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ያጠበበችላት መርፌ ራሷ ናት። ወደ ባሏ አየች። እሱ መስኮቱ ላይ የሌለ ቆሻሻ በጥፍሩ ይፍቃል።

«እማማ» አለች፤ ድምጿ ከራሷ የመጣ አልመስልሽ አላት። «ይችን አርብ ብቻ ቴሌቪዥኑን ባይከፍቱት።»

አያትየዋ ቀና አሉ። «ለምን? ምን ሊታይ ነው?»

አፏን ከፈተች። ልጅዎ የምታደርገውን ሁሉ ለደራሲው የነገርኩት እኔ ነኝ ብትል፣ የቤታቸውን ገበና ለሰው አወጣች ሊሏት ነው። የመርዙን ኪስ የሰፋሁት በዚህ እጄ ነው ብትል ደግሞ… ዝም አለች። አያትየዋ ጠበቋት፤ ባሏም ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ዞሮ አያት። ዝምታዋ እየረዘመ በሄደ ቁጥር የአያትየዋ እጅ ቦርሳቸው ላይ እየጠበቀ ሲሄድ ታያት። «እንዲሁ ነው» አለች። «ልጅ ስለሚያስፈራ ነው።»

«እኔ አለሁላት» አሉ አያትየዋ፤ ተነሱም።

ልጅቷ ደብተሮቿን በጀርባዋ አንግታ ከክፍሏ ወጣች። መርፌ ፌስታሉን ልታነሳላት ብላ ጎንበስ ስትል አያትየዋ ቀድመው አነሱት፤ በቁጣ አይደለም፣ በትሕትና። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ልጅቷ ቆመች። የአያቷን እጅ ሳትለቅ ዞረችና መርፌን ፊት ለፊት አየቻት።

«እ… አርብ ምን ይሆናል?» አለቻት።

እንደ ማንኛውም ልጅ ጓጉታ ነው የጠየቀቻት። ከስንት ወር በኋላ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። «ልጅቷን ትገድላታለች?»

መርፌ ፊቷ እኩል እስኪሆን በጉልበቷ ተንበረከከች። የተቀረጸው ብርጭቆው ጋ ያበቃል፤ መርፌ የምታውቀው ዓይኗ ፊት ያለውን ብቻ ነበር።

«አትገድላትም» አለች። «አያቷ ትመጣና ይዛት ትሄዳለች።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ሙሉ ፈገግታ ነበር፤ በጎን በኩል አዲስ ጥርስ ብቅ ማለቱን መርፌ ያየችው ያኔ ነው፤ የድሮውን መቼ እንደነቀለችው እንኳ አላወቀችም። «ጎበዝ» አለች ልጅቷ፤ የድራማዋን አያት ይሁን መርፌን አይታወቅም። ከዚያ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፤ አያትየዋ ከኋላ «ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ!» እያሉ ተከተሏት።

ባሏ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እጁን እጀታው ላይ እንዳደረገ «ለጥቂት ቀን ነው እኮ» አለ።

መርፌ ከወለሉ አልተነሳችም ነበር። «አዎ» አለች። «ለጥቂት ቀን ነው።»